ዋስ የሌለው ነፃ ትምህርት

አስራ ሁለተኛ ክፍል ወደቅሁ። ከክፍላችን ያለፉት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ አላለቀስኩም። ከሚሴ ውስጥ የወደቀች ልጅ ያላት ምርጫ አረብ አገር፣ ባል፣ ወይ ኮሌጅ ነው። አክስቴ ከአረብ አገር እንዴት ሆና እንደተመለሰች አይቻለሁ። ባል ደግሞ አያስቸኩለኝም። ስለዚህ ጫማዬን አጥልቄ ኮሌጅ ፍለጋ ወጣሁ።

ጎረቤታችን ያለችው ጓደኛዬም አብራኝ ነበረች። እሷም ወድቃለች። እናቷ ባሏ የሞተባት፣ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት።

መጀመሪያ ወደ መንግሥት ኮሌጁ ሄድን። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የምትማሪውን የሚመርጡልሽ እነሱ ናቸው። እኔ የምፈልገው ነርስነት ነው። የቀረው ቦታ ግንባታና የከብት እርባታ ብቻ ነበር።

«ከብት እኮ ቤታችንም አለ» አልኩት መዝጋቢውን።

«እንግዲያ ልምድ አለሽ» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ከዚያ ወደ ግሉ ጤና ኮሌጅ አለፍን፤ አስፋልቱ ዳር፣ ከሱቅ በላይ ያለ ነው። መዝጋቢዋ የወሩን ክፍያ ስትነግረን ያን ያህል አልከበደንም። ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል «መመዝገቢያው ለብቻ ነው» አለች። ቆምን። «ጋውን ለብቻ ነው። ሆስፒታል ለልምምድ ስትወጡ ለብቻ ነው። የምዘና ፈተናውም ለብቻ ነው።»

«ወንበሩስ?» አልኳት።

«የምን ወንበር?»

«የምንቀመጥበት። እሱም ለብቻ ነው?»

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ። ለችግረኛ ቅናሽ አለ ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ካመጣችሁ ይታያል አለችን። «ይታያል» ምን ማለት እንደሆነ ቀበሌ በር ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

አባቴ በብር አያስብም፤ በከብትና በእህል ነው የሚያስበው። የሁለቱን ዓመት ክፍያ ስነግረው በጣቶቹ ቆጠረና «ጊደሯና የጨፋው ሜዳ ማሽላ» አለ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። እሱም ዝናብ ከመጣ።»

ያን ክረምት ሰማዩ ነጭ ሆኖ ነበር የሰነበተው።

በዚያው ሰሞን ደላላው ቤታችን መጣ። ሰንበቴ ገበያ ላይ አባቴን ከአፋር ነጋዴዎች ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፤ አባቴ ለዓመታት ከብት የሸጠውም የገዛውም በሱ በኩል ነው። ለሁሉም ነገር መልሱ «አብሽር» ነው፤ አይዞህ ማለቱ። ከብትህ ታመመ? አብሽር። ገበያው ወደቀ? አብሽር።

«አካም ጅርቱ!» ብሎ ገባ፤ ተቀመጠና ጫቱን ይቀነጥስ ጀመር። «ከብት ተውኩት እኮ። አሁን የማገናኘው ተማሪ ነው።»

ሩቅ ከተማ ያለ የጤና ኮሌጅ ነው አለ። ባለቤቱ ክሊኒክም አለው። ክፍያ የለም፣ ማደሪያና ምግብ አለ። ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ክሊኒኩን ማገልገል ነው። የሚፈልጉት ኦርጅናል ሰርተፍኬት ብቻ ነው፤ እስክትጨርሱ እነሱ ጋ ይቀመጣል።

«ኮፒው አይበቃም?» አልኩት።

«ኮፒ ምን ያደርግላቸዋል፣ ልጄ፣ ኢንታላ ኮ? አንዷ ተምራ ብትጠፋባቸውስ?»

ሲያየኝ ዓይኑ ከእግሬ ተነስቶ ነው ወደ ላይ የመጣው። ጊደራችንን የገመታት ቀንም እንዲሁ ነበር ያያት።

አባቴ እጆቹን ዘረጋ። እኛ ዘንድ ያለቀ ነገር በዱዓ ይዘጋል፤ ከተዘጋ ወዲያ ያፈረሰ ሰው መዘዙ ቤቱ ላይ ይወድቃል ይባላል። ደላላው መረቀ፣ አባቴ አሚን አለ። ወሬውን ሰምታ የመጣችው የጓደኛዬ እናት እያለቀሰች አሚን አለች። ጓደኛዬም እንደዚያው። የኔ እጅ ግን ከጭኔ አልተነሳም።

«አባ» አልኩት፣ ደላላው እዚያው እንደተቀመጠ። «በሬ ስትገዛ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ጥርሱን አያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ዋስ አምጣ እላለሁ። የሌባ ቢሆንስ?»

«የኔን ወረቀት እነሱ ይይዙታል። እሺ፣ የነሱ ዋስ ማነው?»

ደላላው ሳቀ። «ይቺ ልጅማ ዳኛ ትሁን እንጂ ነርስ አትሁን! እኔ አለሁ አይደል?»

«ደላላ ዋስ ይሆናል እንዴ?»

ሰንበቴ ላይ ያገናኘ ሰው ዋስ አይሆንም፤ ይሄን ሕፃን ያውቀዋል። አባቴም ያውቀዋል። ግን «ዱዓ ተደርጓል» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

እኔ ወረቀቴን አልሰጠሁም። ጓደኛዬ ሰጠች፤ ጥጉ እንዳይታጠፍ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» አለችኝ።

«ዋሱን ሳላይ?»

«አንቺማ ጀነት በር ላይም ዋስ ትጠይቂያለሽ!» ብላ ሳቀች። መጨረሻ ያየሁት ጥርሷን ነው።

እምቢታዬ ሲበዛበት አባቴ እያጉረመረመ ጊደሯን ሸጠና ግሉ ኮሌጅ ገባሁ። ከዚያ ማሽላው ሳያፈራ ደረቀ። የቀረችው ላማችን ጽንሷ ጨነገፈ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መምህር ይቀራል፤ ክፍያው ግን ቀርቶ አያውቅም። አባቴ አንድም ቀን በአፉ አልተናገረኝም። ላሟን አየት ያደርግና እኔን አየት ያደርጋል። ምን እያሰበ እንደሆነ ይገባኝ ነበር፤ የፈረሰው ዱዓ ነው።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ትደውል ነበር። ምግቡ ደረቅ ነው፣ ልጆቹ ጥሩ ናቸው ትለኛለች። ቆይታ፣ ክፍል የሚገቡት ጠዋት ትንሽ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ቀሪውን ቀን ክሊኒኩን ያጥባሉ፤ ክሊኒኩ ሲያልቅ የባለቤቱን ቤት። «ልምምድ ነው ይሉናል» አለች። ከዚያ በራሷ ስልክ መደወል ተወች። በማላውቀው ቁጥር ነው የምትደውለው፣ ስታወራም አጠገቧ የሚተነፍስ ሰው አለ። አንድ ቀን እንዴት ነሽ ስላት «አብሽሪ» አለችኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ስትሳደብ ነው የማውቃት፤ አብሽሪ ብላኝ አታውቅም።

ለአረፋ አልመጣችም። እናቷ አዲስ ቀሚስ ገዝታላት ነበር።

ከአረፋ በኋላ ደላላው ተመልሶ መጣ። በዚያ ሳምንት ክፍያ ካልጨረሱት ጋር ስሜ ኮሌጁ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። እሱ ከማን እንደሰማ አላውቅም።

«ቦታሽ እኮ አለ» አለኝ። «ዱዓውም እንዳለ ነው።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «ወረቀትሽን አምጪ» አለ፣ እጁን ለዱዓ እየዘረጋ። ቁጣ እንኳ የለውም፤ ደክሞታል።

«ለጓደኛዬ ይደውልልኝ። እሷ ዋስ ትሁነኝ።»

ለካ ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው። ደወለና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላችን አስቀመጠው።

«አብሽሪ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

ከኋላዋ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል። እዚያ አጠገቧ ያለው ሰው አይሰማ ይሆናል ብዬ ወደ ኦሮምኛ ቀየርኩት። «ዮም ዱፍታ?» አልኳት፤ መቼ ትመጪያለሽ።

እሷም በኦሮምኛ፣ ዝቅ ብላ፣ በጥድፊያ መለሰችልኝ። ወረቀቴን ሲመልሱልኝ ነው አለች። መሄድ ከፈለግሽ የሁለቱን ዓመት ሙሉ ክፍያ አምጪ ይሉኛል አለች። ለእናቴ እንዳትነግሪያት አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

ደላላው ኦሮምኛ ከማንም በላይ ያውቃል። ስልኩን አንስቶ በእጀ ጠባቡ ጫፍ ጠረገው።

አባቴ ለዱዓ ከፍ አድርጎት የነበረውን እጁን አየው። ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ መለሰው።

«ዋስ የለህም» አለው። ሰንበቴ ላይ የሰው ከብት ይዞ ለተገኘ የሚባለው ይሄ ነው። ከዚህ ወዲያ ድርድር የለም።

ደላላው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጫማውን አደረገ፣ «አብሽሩ» አለንና ወጣ። ወደ አስፋልቱ ግን አልወረደም። ከኛ አጥር በላይ ወዳለው ቤት ታጠፈ። እዚያ ቤት ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀች ልጅ አለች።

ብዙ ሳይቆይ የምርቃት ድምፅ መጣ። ጫማዬን ሳነሳ አባቴ «ተይ» አለኝ። «ዱዓ ላይ ሰው አይገባም።»

እውነቱን ነው፤ አይገባም። ገባሁ።

የሁሉም እጅ ተዘርግቶ ነበር። የልጅቷ ጉልበት ላይ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ወረቀት አለ፤ ጥጉ ያልታጠፈ።

«የነሱ ዋስ ማነው?» አልኩ።

አሚን የሚለው ድምፅ መሃል ላይ ተቆረጠ። አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ ምሕረት የለመኑት ለኔ ይሁን ለደላላው አልገባኝም። እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። የደላላው ብቻ አልወረደም። እኔን እያየ ፈገግ አለና እጁን ልጅቷ ጉልበት ላይ ወዳለው ወረቀት ዘረጋ።

«አብሽሪ» አላት።