ማታ ማታ ለብቻዬ ስጠራ

ሊይዙኝ የመጡት በጠዋት ነው፤ ቂርቆስ ቅዳሴው ገና አልወጣም። ሁለቱ ፖሊሶች መጻሕፍቴን ሲያገላብጡ ሦስተኛው ኮመዲኖዬን ከፍቶ የኪኒን ብልቃጥ አወጣ።

«ይሄ የምንድን ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። «የጨጓራ ነው፤ ጨጓራዋን ያማታል።»

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። እኛ ሰፈር ግን ጨጓራ ያለበት ይታዘንለታል፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ የሄደ ከነዘሩ እብድ ነው። ልጆቹንም ማንም አያገባቸውም። ኪኒኑ የድብርት መድኃኒት ነበር። እናቴ ከሞተች በኋላ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ፣ ተማሪዎቼም ያለ አስተማሪ ሲሰነብቱ ነው የታዘዘልኝ። እውነቱን ለመናገር አንስቶኛል። ፊቴን መታጠብ፣ ፀጉሬን መሠራት፣ ሰው ሲስቅ መሳቅ ጀመርኩ። በነፃ ግን አይደለም፤ አፌ ይደርቃል፣ ሆዴ ይደርቃል፣ እንቅልፉ ሲመጣ ድንጋይ ያደርገኛል፣ ቀሚሶቼም አንድ በአንድ ጠበቡኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ስሚንቶ ላይ የተነጠፈ ካርቶን፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ላብና ኦሞ የተቀላቀለበት ሽታ። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ግሮሰሪ የነበራቸው ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። መተኛዬን በአገጫቸው አሳዩኝ። ጎኔ ያለችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አስተማሪ መሆኔን ስትሰማ «ቲቸር» ማለት ጀመረች፤ ስሜም እሱው ሆነ።

መድኃኒት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ባለቤቴ ብልቃጡን ለተረኛው ፖሊስ ይሰጣል፤ ፖሊሱም ማታ ማታ በሩን ከፍቶ «ቲቸር፣ ነይ ውጪ» ይለኛል። ለብቻዬ ወጥቼ ቢሮ ውስጥ ኪኒኔን ውጬ እመለሳለሁ። ለምን እንደምወጣ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አለመጠየቃቸው ግን ደስ አይለኝም ነበር።

አሁን ሳስበው፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። አንዲት ሴት በየማታው ለብቻዋ ትጠራለች። ተመልሳ የሁሉንም ውሃ ያለ ሐፍረት ትጠጣለች። ሌላው ሲያለቅስ እሷ ታንኮራፋለች። ሁሉም ሲከሳ እሷ ትወፍራለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዋ ከምርመራ ዓይኗ አብጦ ተመለሰች።

«ወንድሜን ያዙት» አለች።

ልጁ ቡልጋሪያ አካባቢ አክስቱ ቤት ተደብቆ ነበር። ይህን ደግሞ እሷ የተናገረችው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ በሹክሹክታ፣ ለሁላችን። ምሳ ሲደርስ እንደ ወትሮው ትሪውን ከበቡ፤ ለእኔ ግን ቦታ የሚለቅ ጠፋ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ።

«አንቺ እዚያው ብዪ» አሉኝ እትዬ።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ማታ ማታ የሚጠሩሽ ያውቁ ይሆናል።»

ተማሪዋ ግን እንደሳቸው አልሸፋፈነችም። «በቃ ንገሪኛ ቲቸር! ስንት ነገር አጫወትኩሽ። ወንድሜን ለምን ሸጥሽው?»

«አልሸጥኩም። የምወጣው መድኃኒት ልውጥ ነው።»

«የምን መድኃኒት?»

የባለቤቴ ቃል ምላሴ ላይ ደረሰች። ግን ባለፈው ሳምንት ሙሉ የሌሎቹን ቃሪያ ሳይቀር ስበላ አይተውኛል፤ የምን ጨጓራ ነው! እውነቱን ብናገር ደግሞ እነዚህ ሴቶች ምግብ የሚያመላልስ ጠያቂ አላቸው፤ ወሬው ከባዶ ሳህኑ ጋር ወጥቶ ከእኔ በፊት ቂርቆስ ይገባል። ጆሮ ጠቢ ልሁን ወይስ እብድ? ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት።

ማታ በሩ ተከፈተ። «ቲቸር፣ ነይ ውጪ።»

አልተነሳሁም። «እዚህ አምጣልኝ።»

«እንዴ! ሆቴል የገባሽ መሰለሽ እንዴ?»

«እዚህ ካልመጣ አልውጥም።»

በሩን ወርውሮት ሄደ። ፈራሁ። መድኃኒቱን ሳቋርጥ ምን እንደምሆን አውቃለሁ፤ ራሴ ይዞራል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ያ ጥቁር ነገር ተመልሶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ግን ከሴቶቹ ዓይን የባሰ አልነበረም። ፖሊሱ ቆይቶ ተመለሰ፤ «ብትታመሚ እኔ ነኝ የምጠየቀው» እያለ ኪኒኑን በመዳፉ ዘረጋልኝ።

ተቀብዬ ክፍሉ መሃል ቆምኩ።

«የድብርት መድኃኒት ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የአእምሮ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ። ውሃ የሚያስጠጣኝም፣ የሚያስተኛኝም፣ የሚያወፍረኝም እሱ ነው።»

ዋጥኩት። ከዚያ እንዲያዩልኝ አፌን ከፈትኩ።

ከኋላ አንዷ «ውይ በስመአብ!» አለች። ሌላዋ ሳቀች። እትዬ ከጀሪካኑ በኩባያ ቀድተው ሰጡኝ።

«ጠጪ። እስቲ እናያለን።»

በማግስቱ ትሪው ላይ ቦታ አገኘሁ። ተማሪዋ ግን ካርቶኗን አንስታ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄደች።

ወሬው እንደፈራሁት ቀድሞኝ ሰፈር ገብቷል። ስፈታ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ሊሉ የመጡት ጎረቤቶች እንደ ሕፃን ቀስ እያሉ ያናግሩኝ ነበር። ባለቤቴ ብዙ ቀን አኮረፈኝ። ልጁን ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንዴ አክስትየዋን፣ አንዳንዴ እትዬን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዳንዴም ራሷን ተማሪዋን እጠረጥራለሁ።

ከዓመታት በኋላ ከተማሪዋ ጋር ደምበል ሕንፃ በር ላይ ተገናኘን። አቅፋ ሳመችኝ፤ ወልዳለች። ወንድሟን ጠየቅኳት።

«ደህና ነው።»

«የት ነው ያለው አሁን?»

ወደ ታክሲዎቹ ዞር አለች። «አለ» አለችኝ።

አልተቀየምኳትም። ከዚያ ወዲህ ግን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት፣ ሰዓቱ ከደረሰ ኪኒኔን ሰው ፊት ነው የምውጠው። እብድ የሚለኝ ይበለኝ።