ባቡር ሲመጣ የምትጮኸው ሽቦ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ አሰብ በእኔ ቀልድ ያልሳቀ ሾፌር የለም። የተሳቢ ጎማ በሳቅ ብቻ አስነፍቻለሁ ብል የሚያስተባብል አይገኝም። ይህን ጉራ ለሺህ ሰው ነግሬያለሁ። አሁን የምጽፈውን ግን ለሚስቴም አልነገርኩም። አንባቢዬ፣ የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ፤ ለመፍረድ ተመቻችተህ ተቀመጥ።

በደርግ ጊዜ ነው። አዋሽ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረኝ። ጎረቤቴ ሰይድ እንደ እኔ ከወሎ የመጣ ነው፤ ከከተማው ወጣ ባለው የጥጥ እርሻ ጫኝ ነው። ሚስቱ ዘሀራ ስድስት ወልዳለች፤ በስድስተኛው ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ሰባተኛ ካረገዝሽ አትተርፊም» ብላ ነግራታለች። ለዓመታት እርግዝና የሚከላከል ሉፕ ላድርግልሽ ብላትም፣ ያኔ ያለ ባል ፊርማ አይሆንም። ዘሀራ ወረቀቱን ለሰይድ ሰጠችው። ሰይድ ማንበብ አይችልምና እኔ ዘንድ ይዞት መጣ።

«ሙሄ፣ እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

አነበብኩለት። ቤቱ በሾፌርና በጫኝ ሞልቷል። አንዱ ሾፌር፣ «እሱን ምን ትጠይቀዋለህ፣ ሁለት ወልዶ የነጠፈ ሰው» አለ። ሳቁብኝ። በሰው መሳቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ሲገለበጥብኝ አልቻልኩም።

«ሉፕ ማለት ሽቦ ናት» አልኩ። «ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ ሲነሳ ሆዷ ውስጥ ትጮኻለች። የጣቢያው ሹም ስልኩን ትቶ ሚስትህን ነው በር ላይ የሚያስቀምጣት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰይድም ሳቀ። ከዚያ በወረቀቱ ጫቱን ጠቀለለበት።

እዚህ ላይ ባቆም፣ አንድ ቀልድ ነው ብለህ ታልፈኝ ይሆናል። አላቆምም። በማግስቱ ዘሀራ ራሷ መጥታ በር ላይ ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርክ ነህ። በልጆቼ ይዤሃለሁ፤ ያልከው እውነት ነው?»

አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። አልኳት? ወንዶቹ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። «ባቡር ሲያልፍ ብቻ ሐዲዱን አትጠጊ» አልኳት። ሳቁ እስከ ቤቷ ተከተላት።

ሰይድ አልፈረመም። በዓመቱ ሰባተኛዋን ወለደች፤ ደሟ አልቆም አለ። በጥጥ መኪና ወደ ናዝሬት ሆስፒታል ሲወስዷት መተሐራ ሳይደርሱ ዐረፈች። ሕፃኗ ተርፋለች።

ለቅሶው ላይ ሰይድ እኔን ሊያጽናና፣ «አጀሏ ነው፤ ቀኗ ደርሶ ነው» አለኝ። አጀሏን አላህ ያውቃል፤ ቀልዱን ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ነው፣ ሕዝቡ አልነቃም አልልም። ሕዝቡን መልሼ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ሰመራ ነው የምኖረው፤ ሰው አሁንም አስቀን ይለኛል፣ አስቃለሁ። ይቅር በሉኝም አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ደጄ ላይ ቆማ ጠይቃኝ ነበር።

የቀረኝን ልናገር። ሉፕ ሽቦ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ፕላስቲክ ነው፤ ነርሷ መዳፌ ላይ አስቀምጣ አሳይታኛለች። ከሁለተኛው ልጃችን በኋላ ሚስቴን ሰዓዳን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ወረቀቷንም የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለማንም እንዳታወራ «ወላሂ» አሰኝቻት ነበር። የቀለድኩት ወንዶቹ ይህን እንዳያውቁብኝ ፈርቼ ነው።