የሰንበቴው ደላላ የብየዳ ማሽን ሲመርጥ

ከእኛ ሰፈር ሆኖ ሙሀመድኑርን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከሚሴ የገባ ነው፣ ወይ ቤቱ መብራት አልገባለትም። መብራት ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ጓሮው ያለችውን አሮጌ የብየዳ ማሽን የለኮሰ እንደሆነ አምፖሎቻችን ፍም ይመስላሉ፣ የጎረቤታችን የረቢአ ፍሪጅ ሲጥ ይላል፣ ቴሌቪዥን ላይ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ተጨማዶ ክር ያህላል። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ «ሙሀመድኑር ጀመረ!» ይልና ዕቃውን ለመንቀል ይሯሯጣል።

እንጀራው ብየዳ አይደለም። እንጀራው ድለላ ነው፤ በሰንበቴ ገበያ በሬና ግመል ያሻሽጣል። ከቆላ የመጣውን አፋርና ከደጋ የወረደውን ገበሬ አገናኝቶ፣ ሁለቱንም አስቆጥቶ፣ ሁለቱንም አስቆ፣ እጅ ለእጅ አማትቶ ይሸኛል። በዚያ ሙያ አንቱ የተባለ ሰው ነው። ብየዳ ግን ፍቅሩ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ ይህንንም ሥራውን ያየ ሁሉ ሳይነገረው ያውቃል።

ረቢአ የከሰል ምድጃዋ እግር ተሰብሮ ሰጠችው። እግሩን በየደላት፤ ወላሂ ጠንካራ ነው፤ ብቻ ምድጃውን ከሚሠራበት የብረት ጠረጴዛ ጋር አብሮ በይዶታል። ጠረጴዛውን ጨምራ ወሰደች። የእኔን የእጅ ጋሪ ደግሞ ጎማውን ከእግሩ ጋር አጣብቆ መለሰልኝ። «አይሄድም እኮ» ስለው፣ «ቁልቁለት ላይ አያመልጥህማ!» አለኝ። ስስ ላሜራ እጁ ከገባማ ወንፊት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሳንቲም አይቀበልም። ቢቀበል ኖሮ ከሰነው ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ ልጁ ዓፊያ ታጨች። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ መጡ። የግቢው በር የሙሀመድኑር የእጅ ሥራ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በከዘራው ኳ ኳ ቢያደርግ፣ በሩ ከነፍሬሙ ወደ ውስጥ ተንጋለለና መሬት ላይ ዘፍ አለ። ሽማግሌው «ቢስሚላህ» አሉና በላዩ ተራምደው ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሙሀመድኑር ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ግቡ፣ ግቡ፤ ለናንተ ብዬ ነው ያነጠፍኩት!»

ነገሩ በሳቅ አለፈ፤ ልጅቱም ተሰጠች። እንግዶቹ ሲወጡ ግን ባለቤቱ መሊካ የተጋደመው በር አጠገብ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ስማኝ የዓፊያ አባት። ለኒካሁ ቀን የሙሽራው ወገን በቆመ በር ነው የሚገባው። ሰልማንን ልጥራው?»

ሰልማን አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያለው፣ ዲግሪ እንዳለው ሰው የሚጎማለል እውነተኛ በያጅ ነው። ሙሀመድኑር በጥፊ የተመታ መሰለ።

«ሰልማን? በእኔ በር? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እንግዲያው አንተ አቁመው። ካልቆመ ግን ሰልማን ይመጣል፤ ያንተም ኮተት ካሮጊቷ ማሽን ጀምሮ ከዚህ ግቢ ይወጣል። ብየዳ የሚባል ነገር ሁለተኛ አይነሳም!»

መሊካ ቀልድ ትወዳለች፤ ያን ዕለት ግን አልቀለደችም።

በበነጋው እኔ ቤት ከተፍ አለ። «አሮጊቷ ላሜራ አትችልም፤ ትበሳለች። አዲስ ማሽን ነው የምገዛው» አለኝ። ስልኩ ላይ ስለ ብየዳ ያላየው ነገር የለም። «ሶስት በአንድ የሚሉት አለ። አንድ ሆድ፣ ሶስት ጠባይ! ለበር ፍሬም ለሚሆነው ወፍራም ቱቦላሬ ኤሌክትሮድ ትሰካበታለህ። ለስሱ ላሜራ ቀጭን ሽቦ እየተፋ ይበይዳል፤ ሽቦው ውስጡ ዱቄት ስላለው ጋዝ እንኳ አይለምንም። አርጎን የሚሉትን ጋዝ ካገኘህለት ደግሞ እንደ መርፌ ነው የሚሰፋው። መብራቱንም እንደ ዶሮ ነው የሚጠጣው፣ ጠብ፣ ጠብ! ለእኔ ቢጤ ለጥገናም ለደስታም ለሚሠራ ሰው የተፈጠረ ነው። አብረኸኝ ና።»

ሄድን። አዲስ የተከፈተ የመሣሪያ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱ አብዱልፈታህ አዲስ አበባ ያደገ፣ ትሁት ጎልማሳ ነው። በር ላይ ሙሀመድኑር ቆም አለና በሹክሹክታ፣ «ምንም እንዳትናገር» አለኝ። ገባኝ። ሰንበቴ ላይ በሬ ሊገዛ የሄደ ሰው የፈለገውን በሬ ቀና ብሎ አያይም። የፈለገውን ያጥላላል፣ ያልፈለገውን ያሞግሳል። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ገዢው መቼም ያመሰገነውን ይወስዳል ብሎ አያስብም። ጨዋታው እንዲያ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም አባቴ። ምን ልታዘዝ?»

«ምንም። ዝናብ ሸሽቼ ነው የገባሁት» አለ ሙሀመድኑር። ውጪ የከሚሴ ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ሶስት ማሽኖች ተደርድረዋል። አንዷ በኤሌክትሮድ ብቻ የምትሠራ ትንሽዬ። መሐል ላይ ያ ሶስት በአንዱ። ዳር ላይ ደግሞ ፍየል የሚያህል፣ ባለ መንኮራኩር ቀይ ግዙፍ ማሽን፤ የትልልቅ ጋራዥ ነው። ሙሀመድኑር እያፏጨ ሲዞር ቆየና ሶስት በአንዱን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«ይሄኛው ለእርድም አይሆን።»

«እንዴ አባቴ! እሱ እኮ ለቤት ሥራና ለጥገና ምርጥ ነው።»

«ጎኑ ገብቷል።»

«የአየር ማስገቢያው ነው፤ ሲሠራ እንዳይግል።»

«ያስላል በለኛ።» ገመዱን እንደ ጭራ ብድግ አደረገ፤ የሽቦውን ክዳን ከፍቶ አፍ አፉን አየ። «ሱብሃነላህ፣ ጥርስ የለውም!»

አብዱልፈታህ ለማስረዳት ማሽኑን ሰካው። ማራገቢያው ሽው ማለት ጀመረ።

«ሰማህ?» አለኝ ዞር ብሎ። «ገና ሳይጠመድ አለከለከ።»

እኔ ከንፈሬን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ሙሀመድኑር ወደ ቀዩ ግዙፍ ተሻገረ፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ።

«ማሻአላህ! ይሄ ነው ኮርማ! ትከሻውን እዩልኝ፤ ደረቱን እዩልኝ! ከዚህ ሌላ እዚህ ቤት ምን አለ?»

የሰንበቴ ሻጭ ቢሆን ይስቅና «ተወው፣ እሱ ላንተ አይሆንም፤ ና ወደዚያኛው» ይለው ነበር። አብዱልፈታህ ግን ፊቱ በራ። ቀዩን የሚጠይቅለት ሰው እስካሁን አላገኘም።

«ዓይን አለዎት አባቴ! ጋራዥ አለዎት ማለት ነው?»

ደላላ መቼም የለኝም አይልም። «ጋራዥ? ስንት ጋራዥ!»

«ይሄ ስሪ ፌዝ፣ የፋብሪካ መብራት ነው የሚፈልገው። ገብቶልዎታል?»

«ስሪ ፌዝ? የእኔ ፎር ፌዝ ነው!»

«እንግዲያው ተስማማን» ብሎ አብዱልፈታህ እጁን ዘረጋ።

ሙሀመድኑር ከጉርምስናው ጀምሮ የተዘረጋ እጅ አይቶ ሳይመታ ቀርቶ አያውቅም። ቸብ! አደረገው። ሱቁ አስተጋባ።

ሙሀመድኑር መዳፉን ገልብጦ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው የመታው።»

«በል ተሳስቻለሁ በለውና ያኛውን ውሰድ።»

አብዱልፈታህም ሰማና «ካልተመቸዎት እንቀይራለን፣ ምንም አይደል» አለ። ሙሀመድኑር ተቆጣ። «የተመታ እጅ ይመለሳል እንዴ? ነገ ሰንበቴ ላይ ማን ያምነኛል? ሙሀመድኑር እጁን ከሰበሰበ የማን በሬ ይሸጣል?» እውነቱን ነው፤ የደላላ ሀብቱ ያ መዳፍ ነው።

ቀዩን ኮርማ በባጃጅ አስጫንነው። ባለ ባጃጁ ሙጂብ «ይሄ ነገር ተሳፋሪ ነው ዕቃ?» ብሎ ተከራከረን፤ ማሽኑ ከኋላ ወንበሩን ሞልቶ ስለተቀመጠ እኔና ሙሀመድኑር በእግራችን እየሮጥን ሸኘነው። መሊካ በወደቀው በር ላይ ቆማ ተቀበለችን። ዞራ ዞራ አየችው። መሰኪያውን አነሳች።

«ይሄ የት ነው የሚገባው?»

እኔና ሙሀመድኑር ግድግዳውን አየን።

«ግድግዳችን ላይ ያለው ሁለት ቀዳዳ ነው። ይሄኛው የባቲ ግመል ያህል ጥርስ አለው!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይሄ ነው የሚያስፈራው። «የዓፊያ አባት፣ ሰልማንን ልጥራው ነው የምልህ?»

«አብሽሪ ሀያቲ፣ አይዞሽ፤ እስከ ገበያው ቀን ታገሽኝ!»

የገበያው ቀን ሲደርስ የሠራውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ግን እኔው ነኝ አብሬው የሄድኩት። ማሽኑን ሰንበቴ ወሰደና ከኮርማዎቹ ተራ መሐል አቆመው። እጀታው ላይ ገመድ አሰረለት። ገመዱንም ይዞ አጠገቡ ቆመ! ሰው ተሰበሰበ። አንድ ግመል የሚጎትቱ አፋር ሽማግሌ መጥተው ማሽኑን በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ምን ይበላል?»

«መብራት» አለ ሙሀመድኑር።

«ታዲያ እኔ ዘንድ በረሀብ ሊሞት ነው» ብለው ግመላቸውን ጎትተው ሄዱ።

ፀሐይ ከረረች። በሬዎች ተሸጡ፣ ፍየሎች ተሸጡ፣ ቀዩ እዚያው ቆሟል። ሙሀመድኑር ላቡን እየጠረገ «ሰልማን መምጣቱ ነው፤ ማሽኖቼ መውጣታቸው ነው» ማለት ሲጀምር፣ ሀጂ ዓብዱ ብቅ አሉ። ሀጂ ዓብዱ እዚያው ሰንበቴ ወፍጮ ቤት አላቸው።

«አከም ጅርተ፣ ሙሀመድኑር?»

«ነጋያ፣ አልሀምዱሊላህ።»

ሀጂ ማሽኑን በጎን አዩት፤ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። «ይሄ ቆርቆሮ ምንድን ነው? መንገድ ዘግተህ?»

ሙሀመድኑር ክንዴን ጭብጥ አደረገኝ። «ወደዱት!» አለኝ በሹክሹክታ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ቀለሙ የእብድ ነው» አሉ ሀጂ። «መንኮራኩሩ ወልጋዳ። እኔ ወፍጮ ቤቴ ስሪ ፌዝ ገብቶልኛል፤ የሚሰባበር ብረትም ሞልቶኛል፤ ግን ይሄን በነፃ ብትሰጠኝ አልወስድም!»

«ያ ጀሊሉ፣ ሞቱለት» አለኝ ሙሀመድኑር። እሱም በተራው «ሀጂ፣ እንኳን ለርስዎ፣ ለወንድሜም አልሸጠው» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ሀጂ ሦስት ጊዜ ሄዱ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሱ። ኋላ እጃቸው ቸብ! ሲል ከአጠገባችን ያለው ጥጃ ደነበረ።

ተመልሰን ወደ አብዱልፈታህ ሱቅ ስንሄድ መሊካ ቀደመችን። ከወደቀው በር ላይ የተገነጠለ ላሜራ ብብቷ ውስጥ ይዛለች። «አንተ እዚህ ቁም። አፍህንም ያዘው፣ እጅህንም ኪስህ ክተተው» አለችው። ሙሀመድኑር ደጃፍ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ቀረ። እሷ ገባችና ሶስት በአንዱን አይታ፣ ጮክ ብላ፣ «ውይ ሲያምር! ይሄን ነው የምፈልገው!» አለች።

ሙሀመድኑር በሩን ተደግፎ «ወይኔ፣ ዘረገፈችው!» እያለ ቃተተ።

«ደግሞ ሞክረህ አሳየኝ» አለችው ለአብዱልፈታህ፤ ላሜራውን አቀበለችው። ማሽኑ ተሰካ፤ ሽቦው ገባ፤ ጭስስስ አለ። ላሜራው አልተበሳም። የሱቁ አምፖል እንኳ ዓይኑን አልጨፈነም። «አንዴ ለእኔ» አለችና ጭንብሉን አጥልቃ ራሷ አንድ ስንዝር አስኬደችው። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ የልብስ ስፌት የመሰለ መስመር! እኔና ሙሀመድኑር ተያየን። ማሽኑን የዚያኑ ዕለት ይዘን ገባን።

በሩን ሲሠሩት የነበረው ጭቅጭቅ ከሰርጉ ይበልጥ ነበር። ጭንብሉ አንድ ነው። እሱ ቱቦላሬውን በኤሌክትሮድ ይበይዳል፤ ላሜራው ጋ ሲደርሱ መሊካ ጭንብሉን ከፊቱ ላይ መንጭቃ ታጠልቃለች። «ተራዬ ነው!» «ገና አልጨረስኩም!» «ጨርሰሃል፣ ልትበሳው ነው!» ዓፊያ፣ ሙሽራይቱ፣ ሂና የተቀባ እጇን ዘርግታ በመስኮት ትስቃለች። ማታ በሩን አቆሙት። መሊካ ትከሻዋን አስደግፋ ገፋችው፤ ንቅንቅ የለም። አንዴ በእርግጫ አለችው። አሁንም የለም።

«እሺ፣ ሰልማን አይመጣም» አለች ጭንብሉን እያወለቀች። «ማሽኑም ይቀመጣል። አሮጊቷን ግን ነገ አውጣልኝ።»

የኒካሁ ቀን የሙሽራው ወገን በቆመ በር ገባ። እኛ ውስጥ ገብተን ምግብ ቀረበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ መንዙማ ተጀመረ፤ የሙሽራዋ አባት ግን የለም። ልፈልገው ወጣሁ። በሩ ጋ ነው። ለመጣው ሁሉ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሰው ሲጠፋም ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዲት ድመት በአጥር ልትዘል ስትል «ኧረ በበሩ፣ በበሩ!» ብሎ ከፈተላት።

«አባ፣ ና ብላ እንጂ!» ብላ ዓፊያ ከነሙሽራ ልብሷ ከውስጥ ተጣራች።

«መጣሁ ልጄ» አላት፤ «አንድ እንግዳ ይቀራል» ብሎ ባዶውን መንገድ እያየ በሩን እንደገና ወለል አድርጎ ከፈተው።