ሚኤሶ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም

የማደንዘዣ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ነገር ግልጽ ነበር። አመልካቹ ነርስ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ሕመምተኛ ላይ የሠራ መሆን አለበት። እኔ በራሴ ሒሳብ ሁለቱን ዓመት ሞልቻለሁ፤ አንዱን ሚኤሶ ክሊኒክ፣ ሌላውን አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል። የሆስፒታላችን ብቸኛ የማደንዘዣ ባለሙያ ግን በሒሳቤ አልተስማሙም። ያለ እሳቸው ድጋፍ ማመልከቻ ከአስተዳዳሪው ቢሮ አይወጣም፤ ከእኛ ሆስፒታል የሚላከው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሚኤሶ አይቆጠርም» አሉኝ፣ ያጠቡትን ጓንት ሽቦ ላይ እያሰጡ። «እዚያ ክኒን ስታድዪ ነው የከረምሽው። አንድ ዓመት ጨምሪና ነይ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ። ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር አልወድም። ደስ እንዲላቸው ብዬ የቀሩትን ጓንቶችም አስጥቼላቸው ነው የወጣሁት። በረንዳው ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር።

ሚኤሶን የሚያውቅ ሰው ያ ዓመት የክኒን ዓመት እንዳልነበር ይገባዋል። ወባ ሲነሣ በረንዳው ላይ መርገጫ አይገኝም። ከባድ መኪና ተገልብጦ ሾፌሩንና ረዳቱን አንድ አልጋ ላይ አስተኝቼ አውቃለሁ። ድርቁ በበረታ ጊዜ ከቆላው ተሸክመው ያመጧቸው እናቶች እጄ ላይ ወልደዋል። ይህን ሁሉ ጋሼ ሳያውቁ ቀርተው ነው? ወይስ አውቀው ነው?

ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ ወንድ ነርስ ነበር። ከተመረቀ ጀምሮ ከሆስፒታሉ ወጥቶ አያውቅም፤ ሁለቱን ዓመት እዚያው ሞልቷል። ቦታውን እሱም ይፈልጋል። እኔን በስሜ አይጠራኝም፤ «የሚኤሶዋ» ነው የሚለኝ። ብዙ ጊዜ ከጋሼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ እኔ ስገባ ወሬያቸው ይቋረጣል። ሚኤሶ አይቆጠርም የሚለው ሕግ ለማን ተሰፍቶ እንደወጣ ለመገመት አዋቂ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ጊዜውም ለመጠርጠር የተመቸ ነበር። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ የሚያልፈው ሦስተኛ ሰው «ስለ እኔ ነው» ይላል፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ማን ዘግይቶ እንዳጨበጨበ እንኳ የሚያይ ዓይን አይጠፋም። ነገሩን ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። ወንበሩን የሚወርሰውን ሰው በገዛ እጁ የሚያሠለጥን ማን አለ አለችኝ።

የባሰ ያጠራጠረኝ ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ በኦፕራሲዮን ቀን ከዋርድ ያስጠሩኝና ከሕመምተኛው ራስጌ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል። ሥራዬ የልብ ምት መያዝና ሕመምተኛውን በኦሮምኛ ማነጋገር ነው። እሳቸው ኦሮምኛ ከሰላምታ በላይ አያውቁም። ማሽኑን እንድነካ፣ መድኃኒቱን እንድቀዳ አይፈቅዱልኝም። «ያዢ፣ ዝም ብለሽ ያዢ» ብቻ ነው። ነጻ አስተርጓሚ እንዳገኙ፣ ዓመት ጨምሪ ያሉኝም ለዚሁ እንደሆነ አመንኩ።

አንድ ጠዋት ከቦኬ የመጡ ጠና ያሉ ገበሬ ለቡአ ኦፕራሲዮን ቀረቡ። ያዘጋጃቸው ያው ቦታውን የሚፈልገው ባልደረባዬ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ብሎ ለጋሼ ነገረ። ጋሼ ውስጥ ማሽናቸውን ይፈትሻሉ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቃሬዛው አጠገብ ቆሜ የሰውዬውን እጅ ያዝኩ። ባለቤታቸው ፔርሙዝ በሻርፕ ሸፍነው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

የሰውዬው ልብ ይጋልብ ነበር። ፈርተው ነው እንዳልል ፊታቸው ፈክቷል፣ ዓይናቸው በርቷል፤ ሐኪሙ ቢላዋውን ስሎ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለው ይቀልዱብኛል። እንደዚያ ባለ ጠዋት ሌላው ሕመምተኛ ቃል አይተነፍስም። የእሳቸው ጨዋታ አልጣመኝም።

በልተዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ያ ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። በኦሮምኛ እንደ ቀልድ፣ «የዛሬው ሆጃ በላም ወተት ነው ወይስ በግመል?» አልኳቸው።

«የላም ነው እንጂ!» አሉና ሳቁ። «ቦኬ ግመል ከየት ይምጣ? እኔን የሚኤሶ ሰው አደረግሽኝ እንዴ?»

ሆጃ የቡና ቅጠል ወይም ገለፈት ከወተት ጋር የሚፈላበት መጠጥ ነው፤ በእኛ አገር ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም። ባለቤታቸው ወላሂ እህል የሚባል ነገር በአፉ አልዞረም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ሆጃ እህል አይደለም። ልባቸውን ያስጋለበችው፣ ሰውዬው ለዓይን መክፈቻ የቃሟት ጫትም እህል አይደለችም። ነገር ግን ሆዱ ባዶ ያልሆነ ሰው ሰመመን ውስጥ ገብቶ ካስመለሰው፣ ያስመለሰው ወደ ሳንባው ሊወርድና እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሊቀር ይችላል።

ወደ ውስጥ ገብቼ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ባይሆን፤ ሆጃ ጠጥተዋል፣ ጫትም ሳይቅሙ አልቀሩም» አልኳቸው።

ወጥተው የሰውዬውን አፍ በባትሪ አዩ። ከጉንጫቸው ሥር የተፈጨ አረንጓዴ ቅጠል በፋሻ ጠርገው አወጡ። ለቀዶ ሐኪሙ ነገሩትና ኦፕራሲዮኑ ለማግስቱ ተላለፈ። ባልደረባዬ ፊቱ ተለዋወጠ። ጠይቄያቸው አልበላሁም ብለውኛል አለ፣ እሱም አልዋሸም። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። ማንም አልነገረኝም ስለው አላመነኝም።

ጋሼም ያንኑ ጠየቁኝ። ሚኤሶ የኮሶ መድኃኒት በባዶ ሆድ እሰጥ እንደነበር ነገርኳቸው። እናቶቹ ምንም አልበላንም እያሉ ይውጡትና መልሰው ያወጡታል፤ የሚያወጡት ወተት የተቀላቀለበት ሆጃ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ምግብ ጠይቄ አላውቅም፤ የምጠይቀው ስለ ሆጃው፣ ስለ ጫቱ፣ ከጫቱ በኋላ ስለሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ጋሼ አላመሰገኑኝም። «ነገ አንቺ አዘጋጂያቸው» ብቻ አሉ።

ይህን ስሰማ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ጥፋቱ በእኔ እንዲላከክ ነው ብዬ። ስለዚህ ለባልና ሚስቱ እያንዳንዱን ነገር በየስሙ እየጠራሁ አስረዳሁ፤ ፔርሙዙንም ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ ሰርቄ የምጠጣባቸው ይመስል በዓይናቸው ሸኙኝ። በማግስቱ ሰውዬው ዝምተኛና ቁጡ ሆነው ቀረቡ፤ ሰላምታዬን እንኳ አልመለሱም። ልባቸው ግን ረግቶ ነበር። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተከተዪኝ ብለው ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ወሰዱኝ። ልባረር ነው ብዬ አሰብኩ።

«ሚኤሶ ይቆጠርላት» አሉ እንደቆሙ።

አስተዳዳሪው ተገርመው፣ «ባለፈው አይቆጠርም ብለኸኝ አልነበር?» አሏቸው።

«ባለፈው እዚያ ምን እንደሠራች አላወቅሁም ነበር። ዓመት ቆጥሮ የመጣው ብዙ ነው፤ ዓመቱን ምን አደረግሽበት ብዬ አልጠየቅኋትም።»

ስንወጣ ፔርሙዙን እሳቸውም አይተውት እንደሆነ፣ እኔን ለመፈተን ብለው ዝም ብለው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማሽኑ ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ዛሬም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስለ እሳቸው ሳስብ ሙሉ በሙሉ አላምናቸውም።

ባልደረባዬ በረንዳው ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«ተቆጠረልሽ?»

«ተቆጠረልኝ።»

«አውቄዋለሁ። እኔን ጓንት ያሳጥበኛል፤ አንቺን ራስጌ ያስቀምጥሻል። ማን የእሱ ሰው እንደሆነ ሻይ ቤት ሁሉ ያውቃል።»

ሻይ ቤት አብረው የሚቀመጡት እሱና ጋሼ አይደሉም ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። እዚያ የሚቀመጠው ለመለመን እንደሆነ፣ የሚያገኘው መልስም አንድ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ፦ ዓመቱ ሞልቷል፣ አንተ ግን አልሞላህም። እኔ ስገባ ዝም የሚለው እየተለማመጠ እንዳልሰማው ብሎ ነው። እያንዳንዳችን ሌላውን የጋሼ ሰው አድርገን ነበር የከረምነው።

በሳምንቱ ወደ ቦኬ ክሊኒክ ዝውውር ጠየቀ። ሆስፒታሉ ውስጥ ተቀጥቶ ነው ተባለ፤ እሱም እንዲባል ተወው። የሄደበትን ምክንያት ግን እኔ ሳልጠረጥር አልቀረሁም፤ አልሞላህም የተባለውን ሊሞላ ነው። በሚመጣው ዓመት እዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ባገኘው አይደንቀኝም።