ከዝናቡ በላይ

ዝናብ ቆርቆሮውን መቀጥቀጥ ሲጀምር ድምፄ ሳላዘው ከፍ ይላል። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ኮርኒስ ባለው ክፍል ነው የተማሩት።

እኛ መቱ ላይ ፈረንሳይኛ የተማርነው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ነው። አዳራሹ እርጥብ ጭቃና ጠመኔ ይሸት ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ከሰዓት በኋላ በነፃ ያስተምሩን ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሌላው መምህር ሁሉ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው «ኦል ካሲ! ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ከዝናቡ በላይ!» ይሉኝ ነበር።

የግድ የሚባልበትን «ኢል ፎ ክ»ን፣ ዓላማ የሚነገርበትን «ፑር ክ»ን የተማርኩት እንዲህ እየጮህኩ ነው። ከሁለቱም በኋላ ግሱ ለምን መልኩን እንደሚቀይር ስጠይቃቸው፣ «የሚያስፈልግሽም የምታስቢውም ገና አልሆነማ! ያልሆነ ነገር የራሱ ልብስ አለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተሳስቼ አላውቅም። «ወደ ቤት እንድንሄድ ዝናቡ ማባራት አለበት» የምትለዋን በፈረንሳይኛ ስንጮኻት፣ ከመንገድ ማዶ ያሉ ባጃጅ ነጂዎች ይቀበሉን ነበር።

የፈረንሳይኛ መምህርነት ለመማር አዲስ አበባ ለቃል ፈተና ተጠራሁ። መምህሬ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኝ «የእኔን ቦታ የምትይዢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

የፈተናው ክፍል ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጭር ያለ ነበር። እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ በጸጥታ ተናግሬ አላውቅም። አፌን ስከፍት ፈታኟ ጆሮዋን ያዘች። አጠገቧ ያለው «እህቴ፣ ከማን ተጣላሽ?» ብሎ በሳቅ ፈነዳ። «ገበያ የወጣች መስሏት ይሆናል» አለችው፣ እኔ እዚያው ቆሜ! አንድ ግስ አላበላሸሁም እኮ! ማን ሰምቶኝ? ወድቀሻል ተባልኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እዚያ ቆርቆሮ ሥር አንድ ክረምት ተቀምጠው ቢሆን እነሱም በጮኹ ነበር።

ስመለስ መምህሬ ታመው ተኝተዋል። ስለ ውጤቱ አልጠየቁኝም።

«ሰሙሽ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሰሙኝ።»

«እሰይ!» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያው ክረምት አረፉ።

ያ አዳራሽ አሁን ኮርኒስ ገብቶለታል፤ መርፌ ብትወድቅ ይሰማል። ፈረንሳይኛ የሚያስተምርበት ሰው ግን የለም። እኔ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ያቺን የዝናቡን ዓረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ እላታለሁ። አንዳንዴ ዝናቡ ድምፄን ይውጠዋል። «ኦል ካሲ» የሚለኝ የለም።