ዓሣ የማይገባበት ቤት

ከባቲ በወጣንበት ምሽት እናቴ አላለቀሰችም። መግሪብ ሰግዳ እንደጨረሰች ከመስገጃዋ ሳትነሣ እኔንና ወንድሜን ሰዒድን ጠራችን፤ እጅ ለእጅ አያያዘችንና "አትለያዩ" አለችን። ሌላ ምክር አልነበራትም። ሰዒድ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ የሚማር፣ ሳቅ የማያልቅበት ልጅ ነበር። በጓሮ በኩል ወጥተን ደላላው ወዳቆመው የጭነት መኪና ስንሄድ እንኳ ስለ ጫማው ያማርር ነበር። አዲስ ስለሆነ እግሩን ጨምቆታል። "ሳዑዲ እስክንደርስ ይሰፋልሃል" አልኩት። "ሳዑዲ ከደረስኩማ ሌላ እገዛለሁ" አለኝና በጨለማው ውስጥ ሳቅን።

ባሕር ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ሁለታችንም ከቦርከና ወንዝ የበለጠ ውሃ አይተን አናውቅም። በአፋር በረሃ አልፈን ጅቡቲ ዳርቻ ደርሰን ያንን ሁሉ ውሃ ስናይ ሰዒድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ደላሎቹ ሁለት ጀልባ አዘጋጅተው "ሴቶች ወዲህ፣ ወንዶች ወዲያ!" እያሉ በዱላ ለዩን። ወንድሜ ነው፣ እናታችን አትለያዩ ብላናለች እያልኩ ለመንኳቸው፤ ማን ሰምቶኝ! ሰዒድ ከወዲያ ሆኖ "ማዶ እንገናኛለን፣ አብሽሪ!" ብሎ ጮኸ። የእኛ ጀልባ የመን ደረሰች። የእነሱ አልደረሰችም። ዳርቻው ላይ የተቀበሉን ሰዎች እስኪያባርሩን ድረስ አሸዋው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ከባሕሩ ሰውም፣ ዕቃም፣ ሬሳም አልመጣም።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ብዙ አልጠየቀችኝም።

"ሬሳውን አይተሻል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ልጄ አልሞተም" አለች።

ለቅሶ ሊቀመጡ የመጡትን ጎረቤቶች ከደጅ መለሰቻቸው። በማግሥቱ ግን ለዘመዱ ሁሉ አንድ ነገር አስነገረች፤ ሰዒድ እስኪመጣ ድረስ በእሷ ቤትም ሆነ ከእሷ በተወለደ ሰው ቤት ዓሣ እንዳይገባ። ምክንያቱን አልተናገረችም፤ ሁሉም ገብቶታል። ልጄ አልሞተም የምትል እናት ዓሣን ለምን እንደምትፈራ ሊጠይቃት የደፈረ ሰው አልነበረም። ባቲ ላይ ዓሣ የሚበላ ስለሌለ ትእዛዙ ማንንም አልከበደም። የከበደው እኔን ነው፤ አላህ ሲያመጣኝ ያመጣኝ ኖርዌይ ነዋ!

እንዴት ኖርዌይ ደረስሽ ትሉኝ ይሆናል። ከየመን ጅዳ ገብቼ በቤት ሠራተኝነት ቆየሁ። በአንድ የዕረፍት ጊዜ አሠሪዎቼ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ ኦስሎ ይዘውኝ መጡ። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹ ቁርስ ሲበሉ ከሆቴሉ ወጣሁና ፖሊስ እስካገኝ ድረስ ሄድኩ። ልጆቹን እወዳቸው ስለነበር እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ጥገኝነት ከጠየቅኩ በኋላ የመጣውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጥያቄ ነው፣ መጠበቅ ነው፣ እንደገና ጥያቄ ነው።

"ከአገርሽ በምን ወጣሽ?" ትላለች መርማሪዋ።

"በጀልባ።"

"የጀልባዋ ስም ማን ነው?"

አስተርጓሚው ሸምገል ያሉ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ፤ ጥያቄውን ሲነግሩኝ እሳቸውም አፍረዋል። ስም የላትም አልኩ። የካፒቴኑስ? እሱም አልነገረን። ትኬት ነበረሽ? ይሄኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብለው "ተረጋጊ ልጄ፣ ሳቁን ይጽፉታል፤ ለቅሶውን ግን የሚጽፉት አይመስለኝም" አሉኝ። ደግ ሰው ነበሩ።

ወረቀት አግኝቼ ኦስሎ ውስጥ ሊንደሩድ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ስከራይ ደግሞ ከአከራዬ ጋር በምግብ ሽታ ተጣላን። ሰውዬው ምድር ቤት ነው የሚኖረው። ሽሮ በሠራሁ ቁጥር በር አንኳኩቶ "ኮሪደሩ ሸተተ" ይለኛል። በመኸር ወራት እሱ ራሱ ራክፊስክ የሚሉትን፣ በባልዲ ለወራት የተብላላ ዓሣ ከፍቶ ይበላል፤ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ ትራሴ ሥር ይገባል። አንድ ቀን "ይሄስ አይሸትም?" አልኩት። ተገርሞ አየኝና "ይሄ እኮ ባህል ነው" አለኝ። መስኮት ከፍቼ በብርዱ ተኛሁ። የዓሣ ሽታ እንኳ ቤቴ ሲገባ እናቴን የሚሰማት ይመስለኝ ነበር።

እዚህ አገር ከዓሣ መሸሽ ከዝናብ እንደመሸሽ ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባው ዓሣ፣ ግብዣው ዓሣ፣ የሕጻናቱ ምሳ ዓሣ። ከማልን አግብቼ ሐያትን ወለድኩ፤ ከማል መርካቶ ያደገ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ስለ ወንድሜ ስነግረው "በእኛም ቤት አይገባም" ብሎ ሳያንገራግር ተቀበለኝ። ሐያት ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት መሆኑ ነው፣ ስትገባ ለመምህሯ፣ ልጄ ዓሣ አትበላም አልኳት።

"አለርጂ አለባት?"

"ናይ" አልኩ፤ የለባትም ማለቴ ነው።

"ሃይማኖት ነው?"

"ናይ።"

"ታዲያ?"

"አጎቷ" አልኩና ቆምኩ። ያኔ የነበረኝ ኖርዌይኛ እዚያ ላይ አለቀ። መምህሯ ክንዴን ነካ አድርጋ "እሺ" አለች። ከዚያ ወዲህ የዓሣ ቀን ሲሆን ሐያት ዳቦ በአይብ ትበላለች።

ሐያት አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ ክልከላውን ከእኔ በላይ ጠባቂ ሆነች። አጎቷ በባሕር እንደጠፋ፣ አያቷ እማማ እየጠበቀችው እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ለምን ዓሣ እንደማንበላ ግን አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የማታውቀውን አጎቷን ፎቶ ከአልጋዋ በላይ ሰቅላዋለች።

ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ታዲያ ሮጣ መጣች። ከትምህርት በኋላ የምትውልበት ክበብ፣ ዘንግ ይዘው የማያውቁ ቤተሰቦችን ምዮሳ የሚባለው ትልቅ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማጥመድ ሊያስተምር ነው። አስተማሪ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ዕጣው ለእኛ ወጥቷል። ልጅ ግን ያለ ወላጅ ጀልባ ላይ አይወጣም።

"ማማ፣ ቫር ሶ ስኒል" አለችኝ፤ እባክሽ ማለቷ ነው። "መያዝ ብቻ እኮ ነው። አልበላም።"

ከማል ያን ቅዳሜ ሥራ ነበረው። "አንቺ ሂጂ" አለኝ።

"ውሃ ላይ?"

"ውሃ ላይ። እሷ እድሜ ልኳን ከዳር ቆማ እንድታይ ትፈልጊያለሽ?"

ጀልባ ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። የመን ከወረድኩ በኋላ እግሬ ጀልባ አልረገጠም፤ ከከተማ ወደ ደሴቶቹ የምትሄደዋን ትንሿን ጀልባ እንኳ ሐያትን ከከማል ጋር ልኬ ከወደቡ እጅ ነው የማወዛውዘው። ደግሞስ የእናቴ ቃል? ሲጨንቀኝ ወደ አስተማሪው ደወልኩ። አርነ ይባላል።

"የምትይዙት ሳልሞን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አይደለም። ሳልሞን ከባሕር ነው የሚወጣው። የእኛ ሐይቅ ያለው ኦረት ነው፤ ትራውት። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚኖር።"

"ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚገባ የለም?"

"አይችልም። ወንዙ ላይ ፏፏቴ አለ፣ ግድብ አለ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ለጀማሪ ከባድ ጥያቄ ነው የምትጠይቂው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እርግጠኛ ነኝ አለኝ።

ቅዳሜ በባቡር ሄድን። ሐይቁን ሳየው መጀመሪያ ያስተዋልኩት ማዶው መታየቱን ነው፤ እርሻ አለ፣ ቀይ ቤቶች አሉ። ማዶው ስለሚታይ ትንሽ ተጽናናሁ። አርነ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ለሁላችንም የውሃ ላይ ጃኬት እያለበሰ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ጠበቅ አደረገልን። የእኔ ላይ ሲደርስ ማሰሪያውን ጨብጬ አልለቅለት አልኩ። ወንድሜ እንዲህ ያለ ጃኬት ለብሶ ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነው የያዘኝ።

"ፈርተሻል?" አለኝ።

"በጣም።"

አትፍሪ አላለኝም። "መሐል ላይ ተቀመጪ፤ እዚያ ብዙ አይወዛወዝም" ብሎ እጁን ሰጠኝ። ሐያት ከጀልባው ውስጥ ሆና ታየኝ ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ረገጥኩ።

ጀልባዋ በዝግታ ትሄዳለች፤ ከግራና ከቀኝ የተተከሉት ዘንጎች ክራቸውን ከኋላ ይጎትታሉ። የዚህ ሥራ ዋናው ነገር መጠበቅ መሆኑን አርነ ነገረን። መጠበቅማ በእኛ ቤት የለመድነው ነው። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ዓሣ ተያዘ፤ "ይሄ ይደግ" ብሎ ከውሃው ሳያወጣ ለቀቀው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ የሐያት ዘንግ ጎበጠ። ልጄ ጮኸች። አርነ ከኋላዋ ቆሞ "አትጎትቺው፤ ሲሄድ ልቀቂለት፣ ሲደክም አጠንጥኚ" ይላታል። ፊቷ ቀልቷል፣ ምላሷን ነክሳለች። ሰዒድ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ልክ እንደዚያ ምላሱን ይነክስ ነበር። ያን ሳይ ፍርሃቴ ጠፋና ሌላ ነገር ያዘኝ፤ አጠገቧ ሆኖ ቢያያት ብዬ አንጀቴ ተቃጠለ።

ዓሣው የክንዴን ያህል ነበር። አርነ ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ በእንጨት መትቶ ገደለው። ሐያት ወደ እኔ ዞራ "ማረድ የለብንም?" አለችኝ። ዓሣ አይታረድም፣ እንዲሁ ሐላል ነው አልኳት።

ዳር ከወጣን በኋላ አርነ ዓሣውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድሞ ቢላዋውን አወጣ። "ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የማሳየው ነገር አለ" አለ። "ጨጓራውን ከፍተን ምን እንደበላ እናያለን።"

ተው ልለው ፈለግኩ፤ ቋንቋው አሁን አለኝ፣ ድምፁ ግን አልወጣም። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። የመን አሸዋ ላይ ተቀምጬ ላስበው እምቢ ያልኩት፣ እናቴም በአፏ ያላወጣችው ነገር ከኋላዬ እየተከፈተ ነበር። ሐያት ግን አልዞረችም። ድምፅዋን ሰማሁ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ትንንሽ ዓሦች። ምግቡ ናቸው።"

"ሁሉንም ዘርጋልኝ።" አርነ ዘረጋላት መሰለኝ። "ሌላ ነገር የለም?"

"ሌላ ምን ይኖራል?" አለ አርነ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ልጄ ማንም ሳይነግራት ሁሉንም ታውቃለች። ስንት ዓመት ዳቦ በአይብ ስትበላ፣ ይህንን ብቻዋን በልቧ ይዛ ነበር። ሄጄ አቀፍኳት። እጇ በዓሣ ተለውሷል፤ ቀሚሴን ስትይዘው አልከለከልኳትም።

አርነ እሳት አንድዶ ዓሣውን በቅቤ ጠበሰው። ሌሎቹ ቤተሰቦች እየተሳሳቁ ይበሉ ጀመር። ሐያት ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

"መብላት እፈልጋለሁ" አለችኝ በቀስታ። "ግን ለእማማ ሳልነግር አልበላም።"

እንዳትነግሪያት ልላት ነበር፤ አላልኳትም። በኢሞ ደወልኩ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው የእናቴ ፊት መጣ፤ ሻሿን እያስተካከለች፣ ስልኩን እንደልማዷ አገጯ ሥር ይዛው።

"እማማ፣ ዓሣ ያዝኩ" አለች ሐያት።

ከባቲ መንገድ የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል።

"ከየት ነው የያዝሽው?"

"ከሐይቅ። ከባሕር ጋር አይገናኝም።"

"ሆዱ ተከፈተ?"

"ተከፈተ።"

"ማን አየው?"

"እኔ ነኝ ያየሁት። ሁሉንም አየሁት እማማ። ትንንሽ ዓሣ ብቻ ነው።"

"ብቻ?"

"ወላሂ ብቻ።"

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምትለውን ግን አልሰማሁም። ከዚያ "አልሐምዱሊላህ" አለች። "በይ ብዪ የኔ ልጅ። ሳይበርድብሽ። እናትሽም ትብላ።"

ስልኩን ከሐያት ተቀብዬ "አንቺስ እማዬ?" አልኳት።

"እኔማ" አለች፣ "ሰዒድ ሲመጣ አብሬው እበላለሁ።"