እናቴ ልታርሰኝ የተነሳች ቀን

አውሮፕላናችን የሚነሳው ማታ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከቡራዩ የወጣነው ግን ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። አባቴ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ስለፈራ፣ ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ቁርሳቸውን እንኳ ሳይቀምሱ ሚኒባሳቸውን አስነሱልን። እኔና ባሌ ጀማል ቀኑን ሙሉ ቦሌ ስንጎለት ዋልን። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም አባቴ ደውሎ መንገዱ እውነትም መዘጋቱን ነገረን። ድምፁ ውስጥ ደስታ ቢጤ ነበረበት።

እናቴ ስትሰናበተኝ ሰላም አገር ግቢልኝ እንጂ ሌላው ይደርሳል ነበር ያለችው። ገባሁላት። ኦማን፣ መስከት። እንደዚህ ሰላም የሆነ አገር አይቼ አላውቅም። መኪናው ጡሩምባ አይነፋም፣ ጎረቤት በር አያንኳኳም። ቡራዩ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ እዚህ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ሻይ ሊያፈላ ትንሽ ይቀረዋል። ምሳ ዓሣ በሩዝ ነው፣ ራት ሩዝ በዓሣ። አየር ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ለአከራያችን ለአቡ ሳሊም ነገርናቸው። «ማፊ ሙሽኪላ» አሉ፣ ችግር የለም ማለታቸው ነው። እሳቸው ቤት እውነትም ችግር አልነበረም።

በሁለተኛው ዓመት አረገዝኩ። እናቴ መጥታ ልታርሰኝ ተስማማንና ጀማል ቪዛ ሊጠይቅላት ሄደ። አረብኛው የጋራዥ አረብኛ ነው፤ ጎማና ዘይት ላይ ማንም አይደርስበትም። «ማረስ» የሚለውን ቃል ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘውን ለጸሐፊው ነገረው። ጸሐፊው ቅጹን መለሰለት።

«ለእርሻ ሥራ ከሆነ ሌላ መስኮት ነው። ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ለእርሻ አይፈቀድላትም።»

ጀማል በእጁ ትልቅ ሆድ፣ ቀጥሎ የሚባበል ሕፃን አሳየው። ጸሐፊው ቅጹን መልሶ ተቀበለውና ማህተሙን መታለት።

የምትመጣበት ቀን ጠዋት፣ ከእኛ ማዶ ያሉት አገሮች ሚሳኤል መወራወር ጀመሩ። ሰማዩ ተዘጋ፤ እናቴ ቦሌ ደርሳ በረራዋ ተሰረዘ። እኛ ጋ ምንም አልነበረም። ጀማል ስድስት ካርቶን ውኃ ተሸክሞ ገባ። አመሻሹ ላይ በመስኮት ብናይ ሰዉ ባሕር ዳር ተቀምጦ ዓሣ ይጠብሳል። አፍረን ካርቶኖቹን አልጋ ሥር ከተትናቸው።

አባቴ ግን ከቴሌቪዥኑ ሥር አልተነሳም። በየሰዓቱ እየደወለ ወደ አገራችሁ ግቡ ይለናል። እኔ ደግሞ የቡራዩን ወሬ በስልኬ አያለሁ። ሰላም ነን ይለኛል፣ ሰላም ነን እለዋለሁ። እናቴ ጋ ስደውል ቤቴ ገብቻለሁ አለችኝ። ከኋላዋ የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ። አክስቴ የምትኖረው ሰበታ ነው።

«እማ፣ የት ነሽ?»

«ሰበታ። የቡራዩ መንገድ እስኪረጋጋ ነው። አንቺ ጋስ የምርሽን ነው ምንም የለም?»

«የምሬን ነው።»

«እኔም የምሬን ነው ያልኩሽ» አለች።

በአራተኛው ቀን ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ከሆስፒታል ስንመለስ ጀማል፣ እናቴ ከሰበታ በቪዲዮ እያዘዘችው፣ ገንፎ አገነፋ። ድስቱ ከነገንፎው ተጣለ። በማግሥቱ የአከራያችን ባለቤት ኡሙ ሳሊም ሾርባ ይዘው መጡ። ወገቤን አሰሩልኝ፣ ልጄን በዘይት አሹልኝ፤ አርባ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተመላለሱ። በቋንቋ አንግባባም። አንድ ቀን ጀርባዬን ሲያሹኝ እጃቸው እንደ እናቴ እጅ ሻካራ ሆነብኝና አለቀስኩ። አመመሽ ወይ አሉኝ በምልክት። አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ሌላውን ማስረዳት አልችልም ነበር።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ሴትዮዋን መረቀቻቸው። ከዚያ ሾርባው ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ አንድ በአንድ ጠየቀችኝና ቅመሙ በዝቷል አለች።

ሰማዩ ከተከፈተ ሰነበተ። እስከዚያ ግን የእናቴ ቪዛ ጊዜው አልፎ ነበር፣ ጀማል እንደገና አስገብቶላት እየጠበቅን ነው። ልጄ አራት ወሯን ይዛለች። ትናንት እናቴ ደወለች፤ ቪዲዮውን ልክፈትልሽ ስላት ዛሬ ይቅር አለችኝ።

«አናቷን አሽትቺልኝ።»

አሸተትኩ።

«ምን ምን ይላል?»

«ወተት ወተት።»

 

«ነገም አሽትተሽ ንገሪኝ» አለች።